በስድስተኛው ረድፍ ያለው ባዶ ቦታ

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በጦር ሜዳው ላይ መታሰቢያ ሲቆም፣ የሟቾቹን ስም በድንጋዩ ላይ የቀረጸው ባልየው ነው፤ ድንጋዩን በአሸዋና በውሃ እያሸች ያለሰለሰችው ደግሞ ሚስቱ ናት። ከሟቾቹ አንዱ የበኩር ልጃቸው ነበር። ሐውልቱ ሲመረቅ ታማ ተኝታ ነበርና አላየችም። ፊደልም አልቆጠረችም። ባሏ "ጽፌዋለሁ" አላት፣ አመነችው። ሴት ባሏን ካላመነች ማንን ትመን?

የድንጋዩ ብናኝ ግን ሳንባዋን በልቶ በልቶ ጨረሰው። ሐኪሙ ሴት ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርቶ "ደስ ያላትን አድርጉላት" ሲላት፣ እናትየው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የልጇን ስም በእጇ ነክታ መሞት። ባልየው መንገዱ ሩቅ ነው አለ፤ ብርዱ አይቻልም አለ፤ የመኪናው ጎማ አያስተማምንም አለ።

"አባዬ፣ ለጎማው ሾፌሩ ይጨነቅ" አለችው ልጅቷ። ምላሷ ከአባቷ መሮ አይተናነስም።

መንገዱን ሙሉ እናትየው ትንፋሿን እየቆጠበች ተቀመጠች። ባልየው በዚያ ብርድ ያልበው ነበር። ልጅቷ አየችው፤ ለምን እንደሚያልበው ግን አልገባትም።

ሜዳው ላይ ጎብኚዎች ፎቶ ይነሳሉ፤ አስጎብኚው የትኛው ኮረብታ በስንት ሰዓት እንደተያዘ ያስረዳል። እናትየው በልጅቷ ክንድ ተደግፋ ሐውልቱ ሥር ደረሰች።

"የታል?"

"ይኸውልሽ" አለ ባልየው። እጇን ይዞ ስድስተኛው ረድፍ ላይ አሳረፈው። የተኛ ሕፃን ፊት እንደምትጠርግ ሁሉ በጣቶቿ ዳበሰችው… ሳመችው… ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

"አንቺ አንብቢልኝ እስቲ። ካንቺ አፍ ልስማው።"

ልጅቷ አየች። ስሙ የወንድሟ አልነበረም። አባቷ በዓይኑ ለመናት። አንዲት ቃል ብትዋሽ ምን ነበረበት? ግን የዚያ የማታውቀው ልጅ እናትስ፣ የሷ መሳም በሌላ መሰረቁ አይደለም?

"የሱ አይደለም እማዬ። የሌላ ሰው ልጅ ነው።"

"የኔስ?"

ባልየው ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ አሳያትና በጉልበቱ ወደቀ። "በጠመኔ ጽፌው ነበር። መሮውን ላሳርፍበት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ካልቀረጽኩት በሩን አንኳኩቶ የሚመጣ መሰለኝ… ጠመኔውን ዝናብ ሲያጥበው ዝም አልኩ።"

ሁለቱም የጠበቁት እርግማን ነበር።

"እኔ አልቅሼ ስጨርስ፣ አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻህን በር በር ስታይ ኖርክ?" አለችው። "በል አሁን ጻፈው። እኔ እያለሁ።"

ከኮቱ ውስጥ መዶሻና መሮ አወጣ። ለካ ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ ይዟቸው መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ሳይቀርጽ ተመልሷል።

"አባት፣ ይሄ ቅርስ ነው፣ ያለ ፈቃድ አይነካም" አለ ዘበኛው እየሮጠ።

"እሱ ነው የሠራው። የተረፈችውን ሥራ ሊጨርስ ነው የመጣው" አለች ልጅቷ። ዘበኛው የእናትየውን የጠቆረ ከንፈር አየ። ሄደና ጎብኚዎቹን "በዚህ በኩል ዝግ ነው" ብሎ መለሳቸው።

መዶሻው መምታት ጀመረ። እናትየው ጎኗን በድንጋዩ አስደግፋ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ፊደል ሲያልቅ ነካችው። ሁለተኛውን ነክታ ፈገግ አለች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ላይ… እጇ አልተነሳም።

"ጨረስኩ" አለ ባልየው፣ ፊቱን ሳያዞር አቧራውን እፍ እያለ። "ንኪው።"

ልጅቷ የእናቷን የቀዘቀዙ ጣቶች ይዛ በአዲሱ ፊደል ላይ አሳለፈቻቸው። ከደቂቃዎች በፊት መዋሸት እምቢ ያለ አፏ ተከፈተ።

"ነክታዋለች አባዬ።"

እንዲህ ናት እንግዲህ ዕጣ ፈንታ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ታግሳ ትጠብቅና፣ ለአንዲት ፊደል ትቸኩላለች።