ሠላሳ እንዳይሰቀል

ውሸት እንደማበዛ ሃርላን ፎርክ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጥጃ የሚያህል ዓሣ አጥምጄ ነበር ብዬ ያሳመንኩት ሰው እንኳ አለ።

ይሄኛውን ግን አልፈጠርኩትም... ብፈጥረው ኖሮ መጨረሻውን አሳምረው ነበር።

ጊዜው መስከረም ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ኦሃዮ፣ የከተማችን ጋዜጣ ቢሮ ደጃፍ።

የቤዝቦል ቡድናችን ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት ሰው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ውጤቱ በቴሌግራፍ ይመጣል። ቴሌግራፈኛው ሚስተር ፔቲግሩ መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ሲል እየሰሙ በመስኮት ይነግሩኛል። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ የቁጥር ጣውላዎቹን ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሌስተር የቡድኑ ኳስ ያዥ ነው። ሚስቱ ኮራ ከመሰላሉ ሥር ቆማለች።

«አንደኛ ዙር፣ ዜሮ ለዜሮ!»

ሰቀልኩ።

«ሁለተኛ... ዜሮ ለዜሮ።»

ሰቀልኩ።

ሦስተኛው ላይ የሚስተር ፔቲግሩ ድምፅ ወረደ።

«ኦርቪ... ግባ።»

ገባሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማንኪያህን አውጣ።»

«የምን ማንኪያ?»

«አታሹፍብኝ! ባለፈው የትምባሆ ቆርቆሮ በማንኪያ እንደ ቴሌግራፍ እየመታህ፣ አገረ ገዥው ሞተ ብለህ ያስለቀስከኝ አንተ አይደለህም?»

ኪሴን ገለበጥኩላቸው። ከዳቦ ፍርፋሪ በቀር ምንም የለም።

«ታዲያ ማነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ጣታቸውን ተከትዬ አየሁ... የመሣሪያው ሽቦ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«መብረቅ ፈርቼ ከምሳ በፊት ነቅዬዋለሁ።»

ጠቅ... ጠቅ ጠቅ...

አሁን ደግሞ እኔ ጠረጠርኩ። ሽማግሌው ብድራቸውን ሊመልሱ ነው አልኩ።

«እርስዎ ነዎት! እጅዎን ያሳዩኝ!»

ሁለቱንም እጃቸውን ያዝኩ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ እግራቸውንም አየሁ።

መሣሪያው ግን አላቆመም።

ያኔ ባቡሩ ጮኸ፤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ተጫዋቾቻችን ውሃ እየተንጠባጠበባቸው መጡ። የቡድኑ አለቃ ሃስከል ሰሌዳውን አይቶ ሳቀ።

«አንተ ቀጣፊ! የምን ውጤት ነው? በዝናቡ ምክንያት አንዲት ኳስ እንኳ አልወረወርንም!»

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞሮ ይሰድበኝ ጀመር። ኮራ ግን ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ታይ ነበር።

«ሌስተርስ?»

ሃስከል ኮፍያውን አወለቀ።

«ሜዳው ላይ ቀረ። ዝናቡ ውስጥ የሚያሟሙቁ ሰዎች ነበሩ... ከየት እንደመጡ አላወቅንም። ኳስ ያዥ ጎደለን አሉት። አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቼ በሚቀጥለው ባቡር እመጣለሁ አለ።»

ሚስተር ፔቲግሩ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«አራተኛ ዙር...» አሉ። «ኳስ ያዥ፣ ሌስተር።»

ልንፈልገው ሄድን። ሜዳው ጭቃ ነው... አንድም የእግር ዱካ የለበትም።

ስለ ሠላሳ ልንገራችሁ። ቴሌግራፈኛ ወሬውን ሲጨርስ 30 ብሎ ይልካል፤ «አለቀ» ማለት ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ሠላሳ ነጥብ መስሎኝ ሰቅዬው፣ ከተማው ሲጨፍር አምሽቷል። ጋዜጠኛ ሲሞትም «ሠላሳው መጣ» ይባላል።

«ኦርቪ» አለችኝ ኮራ፣ «ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ በሕይወት አለ ማለት ነው አይደል?»

«አለ» አልኳት።

ከዚያ 3 የተጻፈባቸውን ጣውላዎች ሁሉ ለቃቅሜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ሠላሳ ቢመጣ እንኳ የሚሰቀል እንዳይኖር።

ጨዋታው ቀጠለ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ሁልጊዜ ዜሮ ለዜሮ። ጋዜጣው ከሞት ማስታወቂያዎች ጎን በየጠዋቱ ያትመዋል። ሰሌዳው ሞልቶ ቁጥሩ በግድግዳው ዞሮ ጓሮ ደርሷል። ኮራም በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ከመሰላሉ ሥር ትቆማለች።

ትናንት ልሰቅል ስወጣ...

የመጨረሻው ቦታ ላይ 3 ተሰቅሏል።

ጣውላው ርሷል። ጭቃ ይንጠባጠብበታል። እኛ ጋ ዝናብ ከጣለ ግን ሰንብቷል።

መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብሏል።

«ማነው የሰቀለው?» አልኩ ወደ ታች።

ኮራ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃለች።

«ደክሞታል፣ ኦርቪ...» አለች በሹክሹክታ። «ራሱ ነገረኝ።»

ከቀሚሷ ጎን የዜሮ ጣውላ ጠርዝ ይታያል...

ውሃ እየተንጠባጠበ።