አምስተኛ ቤት

እማማ ብዙነሽ ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። ደብረ ታቦር ዳር ያለው ቤታቸውና ከአያታቸው ከአዳነ የወረሱት በብር ያጌጠ ጋሻ ጌታ አጡ።

ፋንታው «ወራሽ ነኝ» ሲል ለቀስተኛው ሳቀበት።

«ይሄ መጤ ደግሞ የማን ነኝ ይላል?»

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ ፋንታውን ግን አመድ ላይ እንኳ ያስጠጋው ዘመድ አልነበረም።

እሱስ ምን በወጣው ጋሻ ሊናፍቅ! የፈለገው ውቢትን ነበር። ከቤይሩት የተመለሰች ዕለት መናኸሪያ ሻንጣዋን ተሸከመላት። «ሂሳብ ስንት ነው?» ስትለው ዓይኗን አይቶ ዋጋው ጠፋበት። በዚያው ተዋደዱ። አባቷ አቶ ዳኛቸው ግን ቁርጡን ነገሩት፦ «ልጄን የት ልታሳድራት ነው? ቤት ይዘህ ና።»

ስለዚህ ፋንታው ሽማግሌ ፊት መስቀል ጨብጦ ማለና እናቱ ያስጠናችውን ዘር ቆጠረ።

«ፋንታው ሰውነት፣ ሰውነት ካሳሁን፣ ካሳሁን ሙሉ፣ ሙሉ አዳነ!»

የሳቁት ሁሉ አቀረቀሩ። በዕድሜ የሁሉም አባት የሆኑት አባ ይሻው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነቱን ነው፤ ልጃችን ነው። አዳነ ግን ጋይንት የተዳረች ልጅም ነበረቻቸው፣ እመቤት የምትባል። የውቢት የሟች እናቷ አያት እሷ ናት። ቤቱን ከውቢት ጋር ትካፈላለህ።»

«እሰይ! አብረን እንገባበታለን፣ አባ።»

«በስመ አብ! አምስተኛ ቤት ናችሁኮ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ማን ያጋባል? እህትህ ናት!»

«ቤቱም ይቅርብኝ! መጤ በሉኝ!»

«ቤት ይተዋል፣ ልጄ። የተቆጠረ ዘር ግን አይተውም።»

ውቢትን ጋፋት መንገድ ላይ አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«ምነው ያን ዕለት አፍህን በያዘው! እንሂድ፣ ፋንታው። አዲስ አበባ ማን ያውቀናል?»

«በመስቀል ማልኩኮ።»

«ለኔስ በምን ነበር የማልክልኝ?»

 ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

በጥር ለአንድ የወረታ ሹፌር ዳሯት። ድግሱ በዚያው በውርሱ ቤት ሆነ። ሙሽራውን በር ላይ የሚከለክል የሙሽራዋ ወንድም ነው፤ ውቢት ሌላ ወንድም የላትምና ፋንታውን አቆሙት። መቃኑን በሁለት እጁ ያዘ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ገፉት። ወጉ ትንሽ ተጋፍቶ መልቀቅ ነበር። አልለቀቀም። ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁም ከበሮውም ቀጥ አለ።

«በቃ እንግዲህ፣ ጨዋታ ነውኮ» አሉ አቶ ዳኛቸው።

ከኋላው የውቢት ድምፅ መጣ።

«ወንድሜ… ልቀቃቸው።»

እጁ ከመቃኑ ወረደ።