በወንድሜ ስም አቤት አልኩ

«ታሪክሽን ለምን በድምፅ አትልኪልንም?» የምትሉኝ አላችሁ። በጽሑፍ የላክሁበትን ምክንያት መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ውሸታም የሚለኝም አይጠፋም። ከእናቴ ዱላ ለማምለጥ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አልክድም። ይሄኛው ግን የእናቴ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። በሱ አልቀልድም።

2008 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ፣ ቅዳሜ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ጨለማ የለም... ሌሊት አይደለም... የሐዋሳ ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ እንኳ መብረር ሰልችቶት ዛፍ ሥር የሚገተርበት ቀትር።

እጄ ላይ የወንድሜ ደም ነበር።

ያደማሁት እኔ ነኝ።

...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እህተማርያም እባላለሁ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፤ እሱም አልናፈቀኝ፣ እኔም አልናፈቅሁት። ታላቅ ወንድሜ ባዬ ባጃጅ ይነዳል። ከአዲስ ከተማ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ጉዱማሌ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እኔንም እናቴንም የሚያበላን ያ ባጃጅ ነው።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ዘፈን የሌለው ባጃጅ ጨው የሌለው ሽሮ ነው። ወጣቱ መንገድ ዳር ቆሞ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይመርጣል። አሮጌ ዘፈን የከፈተ ባዶውን ይሄዳል።

ዘፈን ማስጫን የኔ ሥራ ነበር። የማስጭነው ፒያሳ፣ ጋሽ ሙህዲን ሱቅ ነው። ሜሞሪዬን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ እኔ እመርጣለሁ፣ እሱ ይገለብጥልኛል። አለቀ። የተጫነልሽ ያንቺ ነው። ችግሩ... ዘፈኖቹ የሁሉም ባጃጅ ላይ አሉ። ቫይረሱ ደግሞ ምርቃት ነው።

አንድ ቀን ከጫማ ቤቱና ከፎቶ ቤቱ መሀል፣ ግድግዳ ብቻ ነበር ብዬ በምምልበት ቦታ፣ አንድ ጠባብ በር አየሁ።

«ሙዚቃ በወር ደንበኝነት» ይላል።

ገባሁ። የተከፈተ በር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ አመሌ ነው።

ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ተቀምጧል። ታምሩ እባላለሁ አለኝ። ሁለቱም ጆሮው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቋል።

ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ጆሮውን የደፈነ ሰው! ያኔውኑ መሮጥ ነበረብኝ።

«ጆሮዎን ያምዎታል እንዴ?» አልኩት።

«አያመኝም» አለ በሹክሹክታ። «ይበዙብኛል።»

እነማን እንደሚበዙበት አልጠየቅሁም።

አሠራሩን ነገረኝ። በወር አንዴ መክፈል። ከዚያ የፈለግሽውን ያህል ዘፈን፣ ገና ትኩሱን፣ ጥርት ብሎ ስልክሽ ላይ ይገባል። ወረፋ የለ፣ ቫይረስ የለ።

«ባላሳድስስ?»

«ይመለሳል።»

«ምኑ? ዘፈኑ?»

ፈገግ አለ። «የኛ የሆነው ሁሉ።»

መታወቂያ አምጪ አለኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ የትኛው ቀበሌ ይሰጠኛል? ሄጄ የባዬን ከባጃጁ መሳቢያ አነሳሁና ተመለስሁ። ለባዬ ትንፍሽ አላልኩም።

ታምሩ መታወቂያውን አገላብጦ አየ። ማይክራፎን ወደ አፌ አስጠጋ። ከዚያ እንደ መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ፦

«ባዬ ወልደሰንበት!»

እዚህ ጋ ነው ጥፋቴ።

ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ለቀረ ጓደኛችሁ አቤት ብላችሁ አታውቁም? እኔ ለግማሽ ክፍል አቤት እል ነበር። ለወንዱም ለሴቱም። መምህሩ ከወረቀቱ ቀና ስለማይል ማንም አይነቃም። አፌ ለምዶታል።

«አቤት!» አልኩ፣ ወፈር አድርጌ። ከዚያ በሳቅ ፈረስሁ።

ታምሩ አልሳቀም።

«ስሙ የሱ... ድምፁ ያንቺ» አለ። «ጥሩ። ጠሪ አገኘን።»

...

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነገሥን፤ ምን ልዋሻችሁ! ጠዋት የወጣ ዘፈን ቀትር ሳይሆን ባጃጃችን ላይ ነው። ተማሪው ሌላውን ባጃጅ አሳልፎ የኛን ይጠብቃል። ባዬ አዲስ ስፒከር ገጠመ። ደንበኝነቱን ያወጣሁት በራሴ ስም መስሎት ግንባሬን ሳመኝ።

ጋሽ ሙህዲን ግን አኩርፏል። አንድ ቀን በሱቁ በር ስናልፍ ባጃጁን አስቆመ።

«አንተ ባዬ፣ ከዳኸኝ አሉ!»

«ጋሽ ሙህዲን፣ ያንተ ዘፈን ጢም አወጣ እኮ!»

«ሽበትም ያውጣ! ያንተ ነው። እኔ ብሞት፣ ኮምፒውተሬ ቢቃጠል፣ ሜሞሪህ ላይ አለ። የወሩ ግን ቤት ኪራይ ነው። ዛሬ ሳሎን ትተኛለህ፣ ነገ ፍራሽህ ውጭ ነው።»

«እስከ ነገ ግን ሳሎን ነኛ!»

«ለጓደኛህ መላክ ትችላለህ?»

«እምቢ ይላል።»

«ሜሞሪ ላይ መገልበጥስ?»

«እሱም እምቢ ይላል።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያንተ?»

እኔ ዝም አልልም። «ጋሽ ሙህዲን፣ ሺህ ዘፈን እየሰማ አንድም የራሱ ከሌለው ሰውና፣ መቶ ዘፈን ኖሮት መቶውም ከሰለቸው ሰው፣ የቱ ነው ደሀው?»

«አፍሽ!» አለኝ። «ይሄ አፍሽ አንድ ቀን የሰው ዕዳ ያመጣል።»

ሳቅን። ባዬ ጋዝ ሰጠና ሄድን።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ... ትንንሽ ነገሮች መሰማት ጀመሩ።

አንድ ዘፈን ሲያልቅ ሰው ያስላል። ስቱዲዮ ውስጥ ያሳለ ሰው ይሆናል አልኩ።

በሌላው ዘፈን ተቀባዮቹ መሀል አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። «አዲስ ከተማ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። በዜማ ሳይሆን በጩኸት።

የሱሌይማን ድምፅ ነው። ሱሌይማን ከባዬ ጋር አንድ ተራ ላይ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር ነው። ድምፁ ከፒያሳ ሐይቁ ይደርስ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ግን ቃል አይወጣውም። ሐኪም ጉሮሮውን አይቶ ምንም የለበትም ብሎታል።

«ባዬ... ይሄ ሱሌይማን አይደለም?»

«ሂጂ አንቺ! ተቀባይ ነው።»

በማግስቱ አንድ ዘፈን ካለቀ በኋላ፣ ዝምታው ውስጥ፣ አንዲት ሴት በሹክሹክታ ተጣራች።

«ባዬ...»

የኔ ድምፅ ነው።

እኔ ግን ማይክራፎኑ ላይ አቤት እንጂ ሌላ ቃል አልተናገርሁም!

...

ዓርብ ከሰዓት። ጉዱማሌ አጠገብ ተራ ይዘን ቆመናል። ዘፈኑ ክፍት ነው።

ሱሌይማን የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ መጣ።

አንድም ነገር ሳይል፣ ማለትስ ከየት ያመጣል፣ ስፒከሩን መታው። የባጃጁ መስታወት አብሮ ረገፈ። ደገመው። ባዬ ዘሎ ወረደና አንገቱን አነቀው። ተያይዘው አስፋልት ላይ ወደቁ። ባዬ በቴስታ ሲለው የሱሌይማን አፍንጫ ጧ! ሲል ሰማሁ።

ሰው ሲመታ ይጮኻል አይደል? ሱሌይማን አፉን እስከ ጥጉ ከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ደሙ ወደ አፉ ገባ።

ምንም ድምፅ የለም።

ሰዎች ገላገሉና ባዬን ወሰዱት። እኔ ቀረሁ። ሱሌይማን ስልኩን አወጣና በደም በተለወሰ አውራ ጣቱ ጻፈልኝ፦

«ወሩ የሚያልቅ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በምታምኑት ሰው ድምፅ ይጠራችኋል። አቤት አትበሉ። እኔን በእናቴ ድምፅ ነው የጠራኝ።»

ቀኑን በጣቴ ቆጠርሁ። ነገ ነው።

ማታ ለባዬ ነገርሁት። «ስሚ አንቺ ጉድ፣ ሱሌይማን አብዷል። ስፒከሬን ይከፍለኛል» አለኝ። መታወቂያውን እንደወሰድሁ ልነግረው አፌን ከፍቼ... ፈራሁና ዘጋሁት። ለዚያን ቀን ብቻ አፌ ጨዋ ሆነ።

...

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታምሩ ፊት ቆሜያለሁ።

«አድሱልኝ» አልኩት።

«ይታደሳል። በሚቀጥለው ወርም ትመጫለሽ። በሚቀጥለውም። ታገቢያለሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ትመጫለሽ። አንድ ወር ብቻ ትረሽዋለሽ...» ጎንበስ አለ። «እኛ አንረሳም።»

«እንግዲያው ሰርዘኝ!»

«ለመሰረዝ ባለስሙ ራሱ ይምጣ። እዚህ ቆሞ አቤት ይበል።»

ገባኝ። ባድስም የባዬን ድምፅ ይወስደዋል፣ ብሰርዝም ይወስደዋል። ልዩነቱ ቀኑ ብቻ ነው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እጄን ሰደድሁና ከጆሮው ጥጡን መዘዝሁት።

ጩኸት ወጣ። ከአፉ ሳይሆን ከጆሮው። የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃን... የሚጣሩ፣ የሚያለቅሱ፣ ረዳት የሚመስሉ፣ «ወራጅ አለ!» የሚሉ። ታምሩ ፀጉሬን ጨምድዶ ግንባሬን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ደጋገመው። ዓይኔ በደም ሲጋረድ ጣቱን አገኘሁና ነከስሁት። አጥንቱ ጥርሴ ሥር ተሰበረ።

ደም የለውም። እንደ ደረቅ እንጨት ነው።

«ሂጂ» አለኝ በቀስታ። «ስድስት ሊሆን ነው።»

ሮጥሁ። ነጠላ ጫማዬ ፒያሳ ቀረ። ሰው ፊቴን እያየ መንገድ ይለቃል። «ልጅቷን መኪና ገጫት እንዴ?» ይላሉ። አልመለስሁላቸውም።

ጉዱማሌ ጋ ስደርስ ባዬን አየሁት። ዛፍ ሥር ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከድብደባው የተረፈው አንዱ ስፒከር ይዘፍናል።

ዘፈኑ ቆመ።

«ባዬ!» አለ ስፒከሩ። በኔ ድምፅ። በፍቅር።

አልሰማኝ ይሆናል ብሎ ደገመለት። «ባዬዬ!»

እንዲህ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምጠራው።

ባዬ ፈገግ አለ። ፊቱን በጎን አየሁት። አፉ ሲከፈት አየሁ።

ልጮኽ ፈለግሁ። ግን ብጮኽ ያው ድምፅ ነው! ለኔም አቤት ይላል!

ድንጋይ አነሳሁ።

«አ...»

አፉን መታሁት። በሙሉ ኃይሌ። ጥርሱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። ወደቀ። ደረቱ ላይ ወጣሁና ሻርፔን አፉ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ሆዴን በቡጢ መታኝ፣ ጎድኔን መታኝ። አልለቀቅሁም። ደሙ በጣቶቼ መሀል ይፈልቃል። ሹፌሮቹ «አበደች! ወንድሟን ገደለች!» እያሉ ከኋላ ይጎትቱኛል።

ስፒከሩ ሦስተኛ ጠራ። «ባዬ?»

ማንም አልመለሰም።

ከዚያ ስፒከሩ ውስጥ የሆነ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ... ጠፋ። ባጃጁ ላይ ተሰክቶ የቀረውን ስልኬን ሳየው አንድም ዘፈን አልቀረም።

...

ባዬ ሦስት ጥርስ አጣ። ድምፁ ግን ተረፈ። ሁሉንም ስነግረው፣ ከተሰፋ ከንፈሩ መሀል «አንቺ... አቤት የምትይለት ሌላ ሰው አጣሽ?» አለኝና አቅፎኝ አለቀሰ።

ከጋሽ ሙህዲን ጋር ሄደን አየን። ከጫማ ቤቱና ከፎቶ ቤቱ መሀል ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሥር አንዲት እፍኝ የማትሞላ ጥጥ ወድቃለች። ጋሽ ሙህዲን አልነካትም፤ እኔንም እጄን ይዞ መለሰኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኔ ድምፅ ቢጠራ ባዬ አይመልስም። ተስማምተን ነው። ስፈልገው አጨበጭባለሁ። ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠጠር እወረውርበታለሁ። እናቴ «እናንተ ልጆች ተኳረፋችሁ?» ትለናለች። እኔ ወንድሜን በስሙ ከጠራሁት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

በየወሩ አንድ ቀትር ላይ ግን ግቢያችን በር ላይ መጥቶ ይጠራዋል። በኔ ድምፅ። እኛ ዝም እንላለን። ይሄዳል።

ዛሬም መጣ።

ምሳ ላይ ነን። ባዬ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ በጎን ጥርሱ ዳቦ ያኝካል።

«ባዬ!» አለ በሩ ላይ።

ተያየን። ማኘኩን አቆመ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። እሱም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ባዬዬ!»

ዝም።

ከዚያ... ከበሩ ማዶ...

«አቤት!»

የባዬ ድምፅ ነው።

ባዬ ፊት ለፊቴ ነው። አፉ ዝግ ነው። ጣቱ አሁንም ከንፈሩ ላይ ነው።

ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ በመንገዱ ሲሄዱ ሰማሁ። አንዱ ባዬ ነው። አንዷ እኔ ነኝ። ሳቃቸው እስኪርቅ ጠበቅን።

ባዬ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ስሜን ሲሠራ አየሁት። ድምፅ የለም።

እኔም ልጠራው አፌን ከፈትሁ...