ክብ ማህተም ያለበት እንጨት

«አውልቅ!»

«ሀዊ፣ ሰው እያየን ነው እኮ!»

«ይየን! አውልቅ አልኩህ! አሁኑኑ!»

ሀዊ የዮሳዲቅን ማልያ አንገቱ ላይ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ዮሳዲቅ ጀርባው ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ግድግዳው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በጅቡቲ ፀሐይ ሲጠበስ ያረፈደ ስለሆነ፣ ልጁ ከፊት በሀዊ፣ ከኋላ በግድግዳው እየተቃጠለ ነው። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። በቁመት እሱ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣታል። ዛሬ ግን ቁመቱ ምንም አልጠቀመውም።

«ማልያው የኔ ነው» አለ።

«ያንተ? ጀርባው ላይ የማን ስም ነው ያለው? እስኪ አንብበው!»

አላነበበውም። ምን ብሎ ያነባል? ቢጫው ማልያ ጀርባ ላይ፣ በቀለም፣ በእጅ፣ ፊደሎቹ ትንሽ ተንጋደው፣ «ቡልቻ» ተብሎ ተጽፏል።

ቆይ ግን፣ ይሄ ነገር እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሀዊን ዝም ብላ የምትደባደብ ልጅ ታደርጓታላችሁ።

ሀዊ እጇ ስራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ልጅ ናት። ካርቲየ 5 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ሰብለወርቅ የምትባል ጎረቤታቸው አይስክሬም እየሰራች ትሸጥ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ሲሞትባት ስራውን ተወችው። የተረፋትን የአይስክሬም እንጨት ከነካርቶኑ ለሀዊ ሰጠቻት። «ውሰጂልኝ ልጄ፣ ባየሁት ቁጥር ያ የተረገመ ማቀዝቀዣ ትዝ ይለኛል» አለቻት። ሀዊ ካርቶኑን ቤት ስታስገባ ወርቅ ያገኘች ነው የመሰላት። የፎቶ ፍሬም ሰራች። የእርሳስ ማስቀመጫ ሰራች። እንጨቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ሲለሰልስ ብርጭቆ ላይ ጠምጥማ አስራ፣ ሲደርቅ አምባር የሚሆን ነገር ሁሉ ሰርታለች። ግማሹ ተሰብሮባታል፤ ግማሹ ግን ልክ ከሱቅ የተገዛ ነው የሚመስለው።

አባቷ ጋሽ ሽብሩ ደግሞ ካርቲየ 2 ውስጥ ማህተም ቀራጭ ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ናት። ሲቀርጽ የተበላሸበትን ላስቲክ ለሀዊ ይሰጣታል፤ አበባ፣ ኮከብ፣ እግሩ የጠፋ ግመል፣ ተገልብጦ የተቀረጸ ፊደል። እሷ እያተመች እንጨቶቿን ታስጌጥበታለች። ክብ ማህተም ሲበላሽበት ግን ለልጁም አይሰጥም። በመቀስ ለሁለት ቆርጦ ነው የሚጥለው። ሁልጊዜ። «ክብ ነገር ሰው ያምነዋል» ይላል።

አንድ ቀን ሀዊ እነዚያን ሁለት ግማሾች ከቆሻሻ ውስጥ አነሳቻቸው። የኳስ ቡድን ማህተም ነበር፤ ዙሪያውን የፈረንሳይኛ ፊደል፣ መሃሉ ላይ መርከብ። በጣም ያምራል! በማጣበቂያ አጋጠመቻቸው። ከዚያ እንጨቶቹን ሦስት ሦስቱን ጎን ለጎን አጣብቃ፣ በሞረድ አለስልሳ፣ ጫፉን በስታ ክር አስገባችበት፣ መሃሉ ላይ ያንን መርከብ በወይን ጠጅ ቀለም አተመችበት። የቁልፍ ማንጠልጠያ። ለትምህርት ቤቱ የእጅ ስራ ቀን ነው። ግማሾቹ ልክ ስላልገጠሙ መርከቡ መሃል ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ ከሷ በስተቀር ማንም ልብ አይለውም።

ዮሳዲቅ አጋዧ ነበር። እንጨት ይሞርዳል፣ ያወራል፤ በብዛት ያወራል። ባለፈው ሳምንት ማንጠልጠያዎቹ ሲጎድሉ ጠየቀችው። «መምህሯ ለናሙና ወስዳቸዋለች» አላት። አመነችው። ለምን አታምነውም? ጓደኛዋ ነው።

እና ዛሬ ሐሙስ ጠዋት አባቷ ያለቀ ማህተም ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ላለ ቢሮ አድርሺ ብሎ ላካት። አድርሳ ስትመለስ ስደተኞች ወደ አገራቸው ለመመለስ የሚመዘገቡበት ቢሮ በር ላይ አንድ ልጅ ቆሞ አየች። ሌላው ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳው ጋር ይንሸራተታል፤ እሱ ብቻ ፀሐዩ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። እድሜው ቢበዛ አስራ ሰባት ቢሆን ነው። ከላይ የለበሰው ገላው ላይ የተበጣጠሰች ካኔተራ ናት። አንገቱ ላይ ደግሞ የሷ ማንጠልጠያ ተንጠልጥሏል። መርከቡ። ነጩ መስመር።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ተራ ነው» አላት፣ በደረቱ ይዞ እያሳያት። «የመመለሻ ተራ። ከበሩ ከራቅኩ ያልፈኛል። እይው፣ ማህተም አለው።»

«ማነው የሰጠህ?»

«አንድ ያበሻ ልጅ። ጥሩ ልጅ ነው። ብር እንኳን አልጠየቀኝም፣ ማልያዬን ወደዳት፣ ሰጠሁት።»

ስሙ ቡልቻ ነው። ከአርሲ ነው የመጣው። አብረውት የመጡት ልጆች ዛሬ ማታ በጭነት መኪና ወደ ኦቦክ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። እሱም አብሯቸው ሊሄድ ነበር የመጣው። እዚህ ደርሶ ባሕሩን ሲያይ ነው የፈራው።

«ውሃ እንዲህ ብዙ ነው ብሎ የነገረኝ የለም» አላት። ሳቀ። ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «ይሄ እንጨት ባይገኝ ኖሮ እሄድ ነበር። ብቻዬን ቀርቼስ ምን ልሁን? አሁን ግን ተራ አለኝ። እናቴ ጋ እመለሳለሁ።»

ሀዊ እውነቱን ሳትነግረው ዞራ ሮጠች።

እና አሁን እዚህ ግድግዳ ጋ ናቸው። እዚህ አገር እረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ ትምህርት በጊዜ ተለቋል፤ ግማሹ ክፍል ከቦ ያያቸዋል።

«ቀልድ ነበር እኮ!» አለ ዮሳዲቅ። «ወደብ አካባቢ አንገቴ ላይ አድርጌው ስሄድ ስደተኞቹ አዩት። ‹ማህተም አለው፣ ተራ ነው እንዴ?› አሉኝ። እኔ ነው አላልኩም! እነሱ ናቸው ያሉት። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

«ዝም ብለህ ማልያ ተቀበልክ?»

«ራሱ ነው የሰጠኝ!»

«ከበሩ ከራቅክ ያልፍሃል ያለውስ ማነው? እሱንም ዝም ብለህ ነው ያልከው?»

ዮሳዲቅ አሁን እሱም ተናደደ። የተያዘ ሰው እንዴት እንደሚናደድ ታውቃላችሁ አይደል? «አቦ አትካበጂብኝ! ማህተሙ የማነው? የኔ ነው? እስኪ ሂጂና ለዓለም አውሪ! የጋሽ ሽብሩ ልጅ ነች ክቡን ያጣበቀችው ይባላል። ሱቁን ሲያሽጉት ያን ጊዜ ታወሪያለሽ!»

ሀዊ ልትመታው ነበር። እውነቴን ነው፣ እጇ ተነስቶ ነበር። ግን ማልያውን ለቀቀችው፤ ድምጿም ዝቅ አለ፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ከጩኸቱ ይብሳል።

«አብረን እንሂድ። ራስህ ንገረው።»

«እብድ ነሽ? ይገድለኛል!»

«አይገድልህም። ጥሩ ልጅ ነው ብሎሃል።»

ዮሳዲቅ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ማልያውን በጭንቅላቱ በኩል ስቦ አወለቀና እግሯ ስር ወረወረው። «እንኪ! ሲጀመር ይጠበኛል!» ብሎ በካኔተራ ወደ መንገዱ ሄደ። አንዱ «ዮስ፣ ዛሬ በዋና ልብስ ነው እንዴ?» ብሎ አሾፈበት፤ ክፍሉ ሳቀ። ሀዊ አልሳቀችም። ማልያውን አንስታ አራገፈችውና አውቶቡስ ያዘች።

አውቶቡሱ ውስጥ ንዴቷ አልበረደም፣ ጭራሽ ዞረ። መጀመሪያ ዮሳዲቅ ላይ ነበር። ቀጥሎ ኳስ ቡድኑ ላይ፣ ምን ክብ ማህተም አሰራው? ከዚያ አባቷ ላይ፣ ለምን አራት ቦታ አይቆርጠውም ነበር? ከዚያ ሌላ ሰው ስታጣ ራሷ ላይ መጣ፤ እዚያ ላይ ቆመ።

ቢሮው ጋ ስትደርስ ከተማው በጥሩምባ ይጮሃል። ጫት የጫኑ መኪኖች የሚገቡበት ሰዓት ነው፤ ቢሮ የሚባል ሁሉ ይዘጋል። ዘበኛው ሙሚን ሰንሰለቱን በሩ ላይ እየጠመጠመ ነው። ሙሚን ልጅነቱን ድሬዳዋ ነው ያሳለፈው፤ አማርኛው ከሱማሌኛው እኩል ይፈጥናል።

«አዴር ሙሚን፣ ቆይ አንዴ!» አለችው። እዚህ ትልቅ ወንድ አዴር ነው የሚባለው፣ አጎቴ እንደማለት።

«ዘግተናል! ደሞ ያ ልጅ ዘመድሽ ነው?» በአገጩ ወደ ቡልቻ አመለከተ። «ከጠዋት ጀምሮ ያቺን እንጨት አፍንጫዬ ስር ይደቅናታል። ‹ወላሂ ወንድሜ፣ እዚህ ተራ በእንጨት አይሰጥም› ብዬዋለሁ። አያምነኝም! ‹ማህተም አለው› ይለኛል። እኔን ዩኒፎርም የለበስኩትን ትቶ እንጨቷን ያምናል!»

«በእንጨት ካልሆነ በምንድነው?»

«እሁድ ጠዋት ይምጣ፣ ስሙን ይመዘግቡለታል። በቃ።»

«ከተመዘገበ ይመልሱታል?»

ሙሚን ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። ቶሎ የሄደ አይቻለሁ። ጠብቆ ጠብቆ ሰልችቶት ወደ ባሕሩ የሄደም አይቻለሁ። ምን ልበልሽ ልጄ?» አለና ወደ ጥሩምባው ፈጠነ።

ቡልቻ አሁንም እዚያው ቆሟል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሀዊ ከአውቶቡሱ ስትወርድ የገዛችውን ውሃና ማልያውን ዘረጋችለት። ውሃውን ተቀበለ። ማልያውን ግን አየውና ፊቱ ተቀየረ።

«ለምን መለሳት? ሰጥቼው እኮ ነው። አልወደዳትም?»

ይሄ ነው ሀዊን የጨረሳት። «አንተ ለምንድነው ሁሉንም ነገር የምታምነው?» ብላ ጮኸችበት። ለምን እሱ ላይ እንደጮኸች እሷም አታውቅም።

ቡልቻ አልተቆጣም። ትንሽ አሰበ። «እዚህ አገር ማንን አውቃለሁ? ሰውን ማመን ፈራሁ። ማህተሙን አመንኩ» አላት።

ያኔ ከመንገዱ ማዶ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ። ጅብሪል ነው፣ ከቡልቻ ጋር አንድ ቀበሌ ያደገ። «ቡልቻ! ና እንጂ! መኪናው ማታ አይደለም፣ አሁን ሊነሳ ነው! ሰው ሁሉ ተጭኖ አንተን ነው የሚጠብቀው!»

«እኔ ተራ አለኝ አልኩህ።»

«የምን ተራ? በሩ ተዘግቷል፣ አታይም?» ጅብሪል መሃል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን አወናጨፈ። «የኔ ወንድም፣ ትቼህ እሄዳለሁ! ወላሂ ትቼህ እሄዳለሁ!»

ቡልቻ የተዘጋውን በር አየ። ጅብሪልን አየ። ከዚያ ወደ ሀዊ ዞረ፤ ማንጠልጠያውን በሁለት ጣቱ ይዞታል።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ፈረንሳይኛም ታነቢያለሽ። እስኪ ንገሪኝ እህቴ። ተራዬ የእውነት ነው? ነው ካልሽኝ እቀራለሁ።»

«አዎ» ብላ ራሷን ብቻ መነቅነቅ ነው። አንድ ጊዜ። ከነቀነቀች ጅብሪል ይሄዳል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ቡልቻ ከባሕሩ ይተርፋል። እሁድ ሲመጣ ግን ማህተሙም፣ እሷም፣ የዮሳዲቅ ቢጤ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ያን ጊዜ የሚያምነው ነገር አይቀርለትም። እውነቱን ከነገረችው ደግሞ «እንጨቱ ውሸት ነው» የሚለውን ሲሰማ ተነስቶ ወደ ጅብሪል ይሮጣል። «እሁድ ጠዋት ግን ይመዘግባሉ» የሚለውን ላይሰማው ይችላል። ቢሰማውስ? ይመልሱት አይመልሱት እርግጠኛ ያልሆነ ነገር ነው። እስከ እሁድስ የት ያድራል? የሚያድርበትን ለመለመን አባቷ ጋ ልትወስደው ነው፤ ከወሰደችው ደግሞ ሁለቱን ግማሾች ማን እንዳጣበቃቸው ልትናገር ነው።

ሀዊ የቡልቻን ክንድ ያዘችና የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ክንዱን አልለቀቀችውም።

«ቡልቻ! ለመጨረሻ ጊዜ ነው!» ይላል ጅብሪል።

ሀዊ ልትናገር ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? የመጀመሪያዋ ቃላችሁስ የትኛዋ ትሆን ነበር?