የማይሰማው መብራት

«ተጭኗል» የሚለው ቃል የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ፕሮፍ ክው አለች።

ቁልፉን ደግማ ተጫነችው። «ተጭኗል» አለ አሁንም። ከካርቶን በተሠራው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ግን ቀዩ መብራት ንቅንቅ አላለም። ወይ ጣጣ! የቁልፉ መልእክት ኮምፒውተሩ ጋ ከደረሰ ቁልፉም ሽቦዎቹም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በቀጮ ስታላክክ ነው የከረመችው። ሽቦዎቹን ያገናኘችው የልብ ጓደኛዋ ቀጮ ናት፤ ፕሮግራሙን የጻፈችው ደግሞ ራሷ ፕሮፍ። ትናንት የኮምፒውተር አስተማሪያቸው ፊት፣ «ቲቸር፣ የእኔ ሥራ ንጹሕ ነው። እሷ ናት በደንብ ያላገናኘችው» ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። አስተማሪውም ቀጮን አብረው ከሚገቡበት የፈጠራ ሥራ ውድድር አስወጧት። ቀጮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብቻ ብላ ሄደች።

ፕሮፍ ፕሮግራሙን ከላይ ጀምራ አነበበችው። መብራቱ ሦስት ሁኔታዎች አሉት፦ መነሻ፣ ዝግጁ እና አሳልፍ። ቁልፉ ሲነካ ከዝግጁ ወደ አሳልፍ እንዲሄድ አዛለች። ከመነሻ ወደ ዝግጁ የሚወስደውን ትእዛዝ ግን ጭራሽ አልጻፈችውም! መብራቱ መነሻ ላይ ተገትሮ ቀርቷል፤ እዚያ ሆኖ ደግሞ ቁልፉን ሺህ ጊዜ ቢጫኑት ያው ነው።

«አፈር በበላሁ!» አለች ለብቻዋ።

አንድ መስመር ጨምራ ቁልፉን ተጫነችው። አረንጓዴ በራ። እሷን ግን ደስ አላላትም።

አስተማሪው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። «እሰይ! ሽቦዎቹን እንደገና አገናኘሻቸው አይደል? በይ፣ ለውድድሩ ስምሽን ልልክ ነው።»

«አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«አልነካኋቸውም፣ ቲቸር። ስህተቱ የእኔ ነበር።»

አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «እስከ አሥር ሰዓት ከመጣች እሷንም እጽፋታለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቅዟል።

ፕሮፍ ደወለች። ቀጮ ስልኩን ስታነሳ ሁሉንም ሳታስቀር ነገረቻት።

«አውቃለሁ» አለች ቀጮ። «ቁልፉን ለብቻው ሞክሬው ነበር፤ ይሠራል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ። ሁለቴ።»

ቀጮ ስልኩን ዘጋችው። እውነቷን ነው፤ ሁለቴም «ባክሽ አትቀልጂ» ብላ ያባረረቻት ራሷ ፕሮፍ ናት።

«ቲቸር» አለች ፕሮፍ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እሷ ከሌለች የእኔንም ስም ይሰርዙት።»

ኮምፒውተሩን ዘጋችና በእግሯ ወደ ቀጮ ቤት ሄደች።