ሰንደቅ ያዳነው ናርዱ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፮፻፲፬ ዓመት፣ በሐምሌ መባቻ፣ የማልታ ጥጥ ገና በማሳው ላይ ሳይፈነዳ፣ በደሴቲቱ ደቡብ ባለ አንድ ደብር ናርዱ ቤዚና የሚባል ገበሬ በቅናት አንጀቱ ይነድ ነበር።

ባሕሩ ደሴቲቱን የሚገዙት የባዕድ መኳንንት ነው፤ መርከቡንና ታላላቁን መድፍ እነዚሁ ባለ መስቀል ካባ መኳንንት ይዘውታል፤ ለአገሬው የቀረለት የየደብሩ ጭፍራ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ሻለቃ፣ ጥቂት ፈረሰኛ፣ ጦርና ጠመንጃ ያነገበ ገበሬ፣ አንድም ሰንደቅ። ጠላት መጣ ተብሎ ደወል ሲደወል ሰንደቁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከታየ ሰው ሁሉ ከሥሩ ይሰለፋል፤ ካልታየ ደብሩ ወድቋል ማለት ነውና ልጁን አዝሎ ወደ ከተማው ግንብ ይሮጣል። ይህን ሰንደቅ ዐሥራ አምስት ዓመት የተሸከመው ናርዱ ነበር። አሁን ተነጠቀ። ለማን ቢሉ፣ ለእኅቱ ባል ለዊስቲን!

«ሻለቃ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ናርዱ በጭፍራው ፊት።

«ምንም። ዊስቲን ፈረስ ገዛ፤ ሰንደቅ በፈረስ ላይ ያምራል» አሉ ሻለቃ ጃኮሙ። «እሑድ የጦር ሹሙ ሊጎበኘን ይመጣል፤ እኛም እንደ ሰው እንታይ እንጂ።»

«እንግዲያማ ፈረሱን ይሹሙት!»

ዊስቲን ከኋላ ሳቀ። «ናርዱ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። አንተ የሚያነክሰውን እግርህን አሳርፍ።»

«እግሬን ለእኔ ተወው! እኅቴን ወሰድህ፤ አልበቃህም?»

«ኧረ እሷ ናት እንጂ የወሰደችኝ!»

ሰዉ አውካካ። ናርዱ ግን ሳቁን እንደ መርዝ ዋጠው። ቅዳሜ፣ ደወል ደዋዩ ምሳውን ሲበላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገብቶ ሰንደቁን ከዘንጉ ፈታና ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሌላው ሁሉ የዓምናውን ጥጥ ሲሸጥ እሱ ብቻ «ዋጋ ይወደዳል» ብሎ ካቆየው ክምር ውስጥ ደበቀው። «ነገ በሹሙ ፊት ባዶ ዘንግ ይዞ ይቁም!» አለ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ግን የመጡት የቱርክ መርከቦች ነበሩ። ደወሉ ተደወለ፤ ሰዉ ወጣ፤ ሰንደቅ የለም።

«ቁሙ! እኔ እዚሁ ነኝ!» ይላል ዊስቲን ባዶውን ዘንግ እያወዛወዘ።

«ሰንደቁን የት ጣልከው፣ አንተ ፈሪ!» እያለ ሰዉ ይሸሻል።

እሰይ! አለ የናርዱ ልብ፤ አዎ፣ እሰይ ነው ያለው። ወዲያው እኅቱን ኢምፔርያን አያት፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ አልሸሸችም፤ የባሏን እርካብ ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ ናርዱ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ሰንደቁንም ይዞ ተመለሰ።

«ዊስቲን የጣለውን ናርዱ አዳነው!» ተባለ፤ የሸሸውም ተመልሶ ተሰለፈ።

ዊስቲን ዘንጉን ሊያቀብል ጎንበስ አለ፤ ከሰንደቁ ላይም የተጣበቀ ጥጥ ነቀለ። ጥጡን አየ፤ ናርዱን አየ። ሊያጋልጠው አንዲት ቃል ትበቃው ነበር።

«ከፍ አድርገህ ያዘው» አለና ፈረሱን ኮለኮለ።

ጭፍራው መኳንንቱ እስኪደርሱ ድረስ ጸና፤ ጠላትም ወደ መርከቡ ተመለሰ። ዊስቲን ግን ከአንድ ወይራ ሥር ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑን ያጠበችው ኢምፔርያ ነበረች፤ የተጨበጠ እጁን ብትፈታው ጥጥ አገኘች። ቀብሩ ካበቃ በኋላ ወደ ወንድሟ መጥታ ጥጡን በመዳፉ ላይ አኖረችለት።

ናርዱ ተንበረከከ። «ለሻለቃው ንገሪ፤ ይስቀሉኝ።»

«ብናገር ትገላገላለህ» አለችው። «እሱ ሳይናገር ሞቷል፤ እኔም አልናገርልህም።»

ናርዱ እስኪያረጅ ድረስ በየበዓሉ ሰንደቁን ተሸከመ፤ እልልታውም አልጎደለበትም። ደብሩ ሰንደቅ ያዳነው ብሎ ናርዱን፣ ሰንደቅ የጣለው ብሎ ዊስቲንን ያስታውሳል፤ ታሪክም የሚያወራው የነገሩትን ነው። ኢምፔርያ ግን በበዓሉ ቀን ሰልፉን አታይም ነበር፤ ልጇን ይዛ ወደ ባሏ መቃብር ትወርዳለች፤ ናርዱም በእልልታው መካከል አንገቱን አዙሮ ያያታል፤ እስኪሞትም ድረስ በዊስቲን እንደ ቀና ኖረ።