የክርስትና ስምህስ?

ደብተሩ ጃኬቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ነው። ጠዋት ከዶክተር የትናየት ቦርሳ ሰርቆታል።

ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ ውሃው ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ከሥር የተደረደሩት የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል። ጠብ። ጠብ። ሹፌሩ ሰውነት ከምእመናኑ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ሰውነት የሽፋን ስሙ ነው። የሚሠራለት የደኅንነት መሥሪያ ቤት «ማገር» ይለዋል። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ካጣ ቆይቷል።

ነጠላ ያጣፋ ሰው አጠገቡ ቆመ። አለቃው አረጋ ነው።

«ጠበሉ ዛሬም በረደ?»

«ከትናንቱ ይሻላል።»

«ደብተሩስ?»

«ይዣለሁ። ውሃ እንዳይነካው ብቻ፤ ቀለሙ የጥላሸት ነው።»

ስምንት ወር የዶክተሯን መኪና ነድቷል። ብልባላ አካባቢ አንድ ክፉ የሳንባ በሽታ የማይዛቸው አርባ አንድ ቤተሰቦች አሉ። ምክንያቱን ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። መንገድ ላይ ለሹፌሯም ሳይቀር ታስረዳ ነበር።

«በሴሉ ደጃፍ ላይ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ስኳር ይለጠፍበታል። ጀርሙ ያንን ስኳር ጨብጦ ነው የሚገባው። የእነዚህ ሰዎች ጂን ግን በአንዲት ፊደል ይለያል። ስኳሩ አይለጠፍም። ጀርሙ የሚጨብጠው ያጣል!»

አንድ የውጭ ኩባንያ ይህን ደም ይፈልጋል። ደሙን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም። እሷ ደግሞ ማንም እንዳይደርስባቸው ምላላቸዋለች። ስለዚህ በደም ብልቃጦቹ ላይ የጻፈችው የክርስትና ስማቸውን ብቻ ነው። የቱ ስም የማን እንደሆነ የሚለየው ይህ ደብተር ነው። የጻፉት የነፍስ አባታቸው በጥር አርፈዋል።

ለማገር የተሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነበር። ከብልቃጦቹ የቀዳው የክርስትና ስም ዝርዝር ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤቱ ካዝና ገብቷል፤ ደብተሩም ይከተለው።

አረጋ ሳቅ አለ። «ተገላገልን። የተላኩት ሰዎች ብልባላ ገበያ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም እያሉ ቢጣሩ አንድ ሰው ዞር አላለም። የክርስትና ስም ገበያ ላይ እንደማይጠራ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ዝርዝሩ ካዝና ውስጥ ነበር፤ ገበያ ላይ ሊጠራ አይገባም።

«የማን ሰዎች፣ አቶ አረጋ?»

 ከአረጋ ነጠላ ሥር የሽጉጥ አፈሙዝ ብቅ አለ።

«ደብተሩን።»

ከሦስት ዓመት በፊት ለዚሁ እጅ ሌላ ዝርዝር አስረክቧል። አሥራ ሰባት ሰዎች። የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ስማቸውን በቃሉ ይዞታል፤ ዓይኑን በከደነ ቁጥር ተራ በተራ ይመጡበታል። እነሱንም የሸጣቸው ይህ ሰው ነው፤ ያቀበለው ደግሞ እሱ።

«እነዚህን አትወስድም» አለ። አለቃውን አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

ደብተሩን አወጣ።

ገንዳው ውስጥ ነከረው።

እንደ ልብስ በሁለት እጁ አሸው። ውሃው ጠቆረ። አንዲት ሴት ጮኸች፤ ምእመናኑ ግር ብለው ከበቡት። አረጋ ሽጉጡን ነጠላው ውስጥ መልሶ ሾለከ። ሩቅ ግን አይሄድም። በማገር ኪስ ያለው ስልክ ከጅምሩ ክፍት ነበር፤ አረጋን የጠረጠሩት የበላይ አለቆች ንግግራቸውን ሲሰሙ ቆይተዋል።

ዶክተር የትናየት በባጃጅ ተከትላው ደረሰች። ጥቁሩን ገንዳ አየች።

«ሰውነት! ለማን ብለህ ነው?»

እውነቱን ሊነግራት አይችልም። «ይቅር ይበሉኝ፣ ዶክተር።»

«ሰዉ እኮ ዳግመኛ ስሙን አይሰጠኝም!» ተንበርክካ ውሃውን በእፍኟ ትዘግን ጀመር። በጣቶቿ መሃል ፈሰሰባት። 

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። «አረጋ ተይዟል። ሹፌሩ ሌባ እንደተባለ ይቅር። ጥፋ።»

ደረጃው ላይ የዋሻው አገልጋይ አባ ጽጌማርያም ያዙት።

«ልጄ፣ ጠበል ማጥቆር ከባድ ነገር ነው። ፊትህ ግን የሌባ አይደለም። በጸሎት ላስብህ። የክርስትና ስምህስ?»

«ወልደ ገብርኤል፣ አባ።»

መስቀላቸውን ተሳልሞ ወረደ።

ወደ ወልዲያ የሚሄደው ሚኒባስ ኩልመስክ ሲደርስ ድንገት ክው አለ። ወልደ ገብርኤል በሽፋን ፋይሉ ላይ የተጻፈለት ስም ነው። የተጠመቀው ኃይለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህ ይህን የሚያውቅ የለም። አፉ ቀደመው።

አባ ከእንግዲህ በየማለዳው ስለሌለ ሰው ይጸልያሉ።

«ኩልመስክ ወራጅ አለ?» አለ የሚኒባሱ ረዳት።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ስም የለሽ ሰው «አለ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ማንም አልወረደም።